ከቀበቶ በታች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ የእንግሊዝኛ አባባል ላይ ስለሆነ አንድ ላይ ሰብስበን መልሰናቸዋል። አባባሉ «ሂት ቢሎው ዘ ቤልት» ይባላል፤ ከቀበቶ በታች መምታት ማለት ነው። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «አንድ የእንግሊዝ ፖለቲከኛ በቴሌቪዥን ተቀናቃኙን ‹ከቀበቶ በታች መታኝ› ብሎ ሲከስ ሰማሁ። ከቦክስ የመጣ ይመስለኛል። መነሻው የትና መቼ ነው? ትክክለኛ ትርጉሙስ?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ግምትዎ ልክ ነው፤ የመጣው ከቦክስ ነው። በክርክር ወይም በፉክክር ላይ ተቀናቃኝን ከተነሳው ጉዳይ ጋር በማይገናኝና ሊነካ በማይገባው በኩል ማጥቃት ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ፤ አባባሉ ስለ ምቱ ክብደት ምንም አይናገርም። ቦክሰኛ የተቀናቃኙን አገጭ መትቶ ራሱን ቢያስተው ሕጋዊ ነው፣ ጭብጨባም ያገኝበታል። ከእምብርት በታች ቀለል አድርጎ ቢያሳርፍበት ግን ጥፋት ነው። ሁለቱም ሰዎች ወደ ሪንግ የገቡት የት እንደሚመታቱና የት እንደማይመታቱ አስቀድመው ተስማምተው ነው። አባባሉ የሚነቅፈው ያንን ስምምነት የጣሰውን ሰው ነው።

መነሻውን ፍለጋ ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የቡጢ ግጥሚያ በባዶ እጅ የሚካሄድ፣ ብዙ ገንዘብ የሚወራረድበት ትርዒት ነበር፤ መያዝ፣ መጣልና መታገልም ይፈቀድ ነበር። ጃክ ብሮተን የተባለው ስመ ጥር ቡጢኛ በለንደን የራሱን የግጥሚያ አዳራሽ ከከፈተ በኋላ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1743 የተጻፈ 7 አንቀጽ ያለው ደንብ ወጣ። ከመድረኩ መሃል ጎኑ አንድ ያርድ፣ ማለትም 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን በጠመኔ ይሰመራል። አንዱ ሲወድቅ ረዳቱ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ወደዚያ መስመር ካላመጣው እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ተጋጣሚዎቹ ከተመልካቹ መካከል ሁለት ዳኞች ይመርጣሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨምራሉ። ገንዘቡ እንኳ ሳይቀር በደንቡ ውስጥ ገብቷል፤ በተጨማሪ ግጥሚያዎች አሸናፊው ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል፣ ክፍፍሉም በመድረኩ ላይ በሕዝብ ፊት ይፈጸማል።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ሰባተኛው አንቀጽ ነው። የወደቀን ሰው መምታት፣ እንዲሁም ተጋጣሚን በጭኑ፣ በሱሪው ወይም ከወገቡ በታች በየትኛውም ቦታ መያዝ ይከለክላል፤ በጉልበቱ የተንበረከከም እንደወደቀ ይቆጠራል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ከወገብ በታች የተከለከለው መያዝ ነው፤ ስለ መምታት በግልጽ አልተጻፈም። እርሱ በጽሑፍ የመጣው በ1838 በወጣውና በ1853 በተሻሻለው የለንደን የሽልማት ቡጢ ደንብ ነው። በዚያ ደንብ ከሱሪው የወገብ ማሰሪያ በታች የሚያርፍ ቡጢ ጥፋት ተብሎ በማያሻማ ቃል ተከለከለ። በጭንቅላት መግጨት፣ ዓይን መጎርጎር፣ መንከስና በእርግጫ መምታትም አብረው ተከለከሉ። በአባባሉ ውስጥ የገባው ቀበቶ ይህ የሱሪ ማሰሪያ ነው።

የወደቀን አለመምታትና ከወገብ በታች አለመንካት ከመጀመሪያው በአንድ አንቀጽ ውስጥ መቀመጣቸው ተገቢ ይመስለናል፤ በሁለቱም በኩል መከላከል ያልቻለ ሰው አለ። እኛ አገር «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ ደንቡ ምሳሮቹን ለማስቆም የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

አባባሉ ከስፖርቱ ወጥቶ ወደ ፖለቲካም ገብቷል። ከ1916 እስከ 1922 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበረው ስለ ሎይድ ጆርጅ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ባለቤት ማርጎት አስኲዝ «ቀበቶ ካየ ከሥሩ ሳይመታ አያልፍም» ብላለች ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ባሏን ከሥልጣን ያስለቀቀው እርሱ ስለነበር ንግግሯ የቂም ሽታ አለው፤ ሆኖም አባባሉ በፖለቲከኞች አፍ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ጥያቄ፦ «በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ከቀበቶ በታች መምታትን የከለከለው በ1867 የወጣው የማርኪስ ኦፍ ኲንስበሪ ሕግ ነው ይላል። እውነት ነው?» (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በብዙ ቦታ እንዲሁ ይጻፋል፤ ግን ልክ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሕጉን ያረቀቀው ማርኪሱ (ማርኪስ የመኳንንት ማዕረግ ነው) አይደለም፤ ጆን ግራሃም ቼምበርስ የተባለ የዌልስ ሰው ነው። ዘጠነኛው የኲንስበሪ ማርኪስ ጆን ሾልቶ ዳግላስ ስሙን አዋሰው፤ ሕጉ የታወቀውም በእርሱ ስም ነው።

ሁለተኛ፣ በ12ቱ አንቀጾች ውስጥ ስለ ቀበቶ የሚናገር አንድም የለም። ሕጉ የቀየረው ሌላ ነገር ነው፤ ዙሩን 3 ደቂቃ፣ ዕረፍቱን 1 ደቂቃ አደረገ፤ የወደቀ በ10 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ችሎ እንዲነሳ ደነገገ፤ መታገልንና መተቃቀፍን ከለከለ፤ ጓንትንም አዲስና ምርጥ ጥራት ያለው ይሁን ሲል ግዴታ አደረገ። በአንድ ጉልበቱ የተንበረከከ ሰው ቢመታ የውርርዱ ገንዘብ ለተመታው እንዲሰጥ የሚያዝ አንቀጽም አለው። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ በቀረው ሁሉ የተሻሻለው የለንደን ደንብ ይሠራል ብሎ ይዘጋል። ከቀበቶ በታች የመምታት ክልከላ ወደ ዘመናዊው ቦክስ የተሻገረው በዚህች በመጨረሻዋ አንቀጽ በኩል ነው። ስለዚህ ፈተና ላይ ከመጣ «የኲንስበሪ ሕግ ከቀደመው ደንብ ወረሰው» ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ «ቀበቶው በትክክል የት ነው? ቦክሰኞች ቁምጣቸውን እስከ ደረታቸው ድረስ ስበው ሲገቡ አያለሁ። ሕጉ በቁምጣው ነው የሚለካው? ደግሞስ ተመትቶ የወደቀው ለምን ወዲያው አሸናፊ አይባልም?» (ከአዳማ፣ የቦክስ ሠልጣኝ)

መልስ፦ መስመሩ የሚለካው በሰውነት ነው፤ ከእምብርት ተነስቶ በዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያልፍ፣ በዓይን የማይታይ መስመር ነው። የቁምጣው ማሰሪያ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ይጠበቃል። ከፍ አድርጎ የሚታጠቅ ተጋጣሚ ሕጋዊውን የሆድ ምት ጥፋት ሊያስመስል ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ዳኛ ከግጥሚያው በፊት በመልበሻ ክፍል ቁምጣውንና ከሥሩ ያለውን መከላከያ ያያል። ሪንግ ውስጥ ሁለቱን አቅርቦ በእጁ እየጠቆመ «ከዚህ በላይ ይፈቀዳል፣ ከዚህ በታች ጥፋት ነው» ይላቸዋል። ቁምጣው ከፍ ብሎ ከታየው ይህን ቡጢ ከመጀመሩ በፊት ነግሮ ለሁለቱም ግልጽ ማድረግ አለበት፤ በመሃል ዙር ላይ መስመር ማስተካከል ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ችግሩ የት ላይ እንደሚነሳ ለማየት ነሐሴ 26 ቀን 2023 በፖላንድ ቭሮትስዋፍ ከተማ የተካሄደውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኞቹን የዩክሬናዊውን ኡሲክና የእንግሊዛዊውን ዱቧ ግጥሚያ ይመልከቱ። በ5ኛው ዙር የዱቧ ቀኝ ቡጢ በኡሲክ የቁምጣ ማሰሪያ አካባቢ አረፈ፤ ኡሲክ ወደቀ። ዳኛው ልዊስ ፓቦን ዝቅ ያለ ምት ነው ብሎ ዕረፍት ሰጠው። ኡሲክ ለ4 ደቂቃ ጥቂት ሲቀረው ተነሳ፣ በ9ኛው ዙርም በዝረራ አሸነፈ። የዱቧ ወገን ምቱ ሕጋዊ ነበር ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። የክርክሩ ፍሬ ነገር እርስዎ የጠየቁት ራሱ ነው። በሙያ ቦክስ የሚታጠቀው መከላከያ ብልትን ብቻ ሳይሆን የታችኛውን ሆድና ዳሌን ጭምር የሚሸፍን ሰፊ ትጥቅ ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ከእምብርት ጋር እኩል ሲሆን ቡጢው የመታው ሆድን ነው ወይስ ከመስመሩ በታች የሚለውን በዝግታ ምስል እንኳ መለየት ያስቸግራል።

ስለ ቅጣቱ፣ አሁን በአሜሪካ በስፋት በሚሠራበት የጋራ የሙያ ቦክስ ሕግ ዳኛው ሰዓቱን ያስቆማል፣ መቺውን ወደ ገለልተኛው ጥግ ይልካል፣ ለተመታው እስከ 5 ደቂቃ ማገገሚያ ይሰጠዋል። 5 ደቂቃው መብት ነው፤ በ1 ደቂቃ የተነሳ ግን ውለታ እየዋለ አይደለም፣ ራሱ ዝግጁ ስለሆነ ነው። ምቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ወይም የተደጋገመ ከሆነ ነጥብ ይቀነሳል። አንድ ነጥብ ምን ያህል እንደሚከብድ ሠልጣኝ ማወቅ አለበት፤ ዙሩን 10 ለ9 ያሸነፈ ቦክሰኛ አንድ ነጥብ ሲቀነስበት ዙሩ 9 ለ9 ይሆናል፣ የ3 ደቂቃ ድካሙ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። በአማተር ቦክስ ደግሞ በአንድ ግጥሚያ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ከውድድር ይወጣል።

የተመታው ወዲያው አሸናፊ የማይባልበት ምክንያት ከ1930 ጋር የተያያዘ ነው። ሰኔ 12 ቀን በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግና አሜሪካዊው ጃክ ሻርኪ ክፍት ለነበረው የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮናነት ተጋጠሙ። በ4ኛው ዙር ሻርኪ ዝቅ አድርጎ መታው፤ ሽሜሊንግ መቀጠል አልቻለም፤ ሻርኪ ተባረረ፣ ሽሜሊንግም ወለል ላይ እንዳለ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ አሠራር እየተሸነፈ ያለ ሰው ትንሽ ዝቅ ያለ ምት ሲያገኝ ወድቆ ለመቅረት ይገፋፋል፤ መውደቁ ያሸልመዋልና። ከዚያ ግጥሚያ በኋላ የኒው ዮርክ ቦክስ ኮሚሽን በዝቅተኛ ምት ማሸነፍን አስቀረ፤ መከላከያ መታጠቅንም ግዴታ አደረገ። ዛሬም በጋራው ሕግ ሆን ተብሎ ባልተደረገ ዝቅተኛ ምት የተመታ ሰው 5 ደቂቃው አልቆ መቀጠል ካልቻለ ተሸናፊው እርሱ ነው። ጨካኝ ይመስላል፤ እኛ ግን ትክክለኛ ሕግ ነው እንላለን። ፍትሕ መቺውን ብቻ ሳይሆን አስመሳዩንም መያዝ አለበት።

ሆን ብሎ ለሚደጋግመው ግን ምሕረት የለም። በ1996 ፖላንዳዊው አንድሬ ጎሎታ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሪዲክ ቦውን በነጥብ እየመራ ነበር። 3 ነጥብ ከተቀነሰበት በኋላም በ7ኛው ዙር ዝቅ አድርጎ መታና ተባረረ፤ አዳራሹም ወደ ብጥብጥ ተለወጠ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በድጋሚ ሲገናኙ በተመሳሳይ ጥፋት በ9ኛው ዙር እንደገና ተባረረ።

ለራስዎ ሥልጠና፦ ዝቅተኛ ምት አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት አይመጣም። ጉልበትን ሳያጥፉ ወገብን ብቻ አጉብጦ ወደ ሆድ መምታት፣ ዓይንን ወለል ላይ መጣል፣ ወይም የተጋጣሚን ጭንቅላት በክንድ ወደ ታች እየተጫኑ መምታት ቡጢውን ቁልቁል ያወርደዋል። በመምቻ ከረጢቱ ላይ በእምብርትዎ ከፍታ ዙሪያውን ደማቅ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ጉልበትን አጥፎ ትከሻን ወደ ዒላማው ከፍታ ማውረድ ይለማመዱ፤ ክንድ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይውጣ። ከፕላስተሩ በታች ያረፈችን ሁሉ እንዳልተመታች ይቁጠሯት።

ጥያቄ፦ «ምቱ ብልት ላይ ሆኖ ሕመሙ ለምን ሆድ ውስጥ ይሰማል?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በወንድ ፅንስ ውስጥ የዘር ፍሬዎች የሚፈጠሩት ሆድ ውስጥ፣ ኩላሊት አጠገብ ነው። በኋላ ወደ ታች ሲወርዱ የነርቭና የደም መሥመራቸውን ከላይ እየጎተቱ ይወርዳሉ። ስለዚህ ሕመሙ ወደ አከርካሪ የሚገባው በሆድ ከፍታ ነው፤ አንጎልም ሆድ ያመመው ይመስለዋል፣ ማቅለሽለሹም ከዚያ ይመጣል። መከላከያው የምቱን ኃይል አያጠፋውም፤ ወደ ዳሌ አጥንት ይበትነዋል እንጂ። ላላ ብሎ ከታጠቁት ጠርዙ ራሱ ይወጋል፤ ታጥቀው ተቀምጠውና ተነስተው ካልተንቀሳቀሰ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሜሪላንድ ነው። በሥራ ስብሰባ ላይ ሪፖርቷን ያዘገየችን የሥራ ባልደረባዬን ‹ከባልሽ ጋር መለያየትሽ ሥራሽን እየጎዳው ነው› አልኳት። አለቃችን ‹ዛት ዎዝ ቢሎው ዘ ቤልት› አለኝ። እውነት ነው የተናገርኩት፤ ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው? እንዴትስ ላስተካክለው?» (አንባቢያችን ከአሜሪካ)

መልስ፦ እህታችን፣ እውነት መሆኑ አያድንዎትም። ከቀበቶ በታች የሚያርፈው ቃል ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የሚያመውም ለዚህ ነው። የስብሰባው ጉዳይ የዘገየ ሪፖርት ነበር። «ሪፖርቱ ሦስት ቀን ስለዘገየ ደንበኛው ቅሬታ አቅርቧል» ቢሏት ከባድ ምት ቢሆንም ከቀበቶ በላይ ነው፤ ልትመልስበት፣ ልታርመው ትችላለች። ትዳሯ ግን ስብሰባው ሊወስንበት የማይችል፣ እርሷም በሰው ፊት ልትከራከርበት የማትችል ነገር ነው። ቤተሰብ፣ ሕመም፣ ሃይማኖት፣ መልክ፣ የንግግር ዘዬ፣ በምስጢር የነገሩን ነገር፣ በአሜሪካ መሥሪያ ቤት እነዚህን ሁሉ ከመስመሩ በታች ይቁጠሯቸው።

ይቅርታውን ለብቻዋ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይጠይቁ፤ አጭር ይሁን። «አይም ሶሪ፤ ዋት አይ ሴድ ዎዝ ቢሎው ዘ ቤልት» (ይቅርታ፤ የተናገርኩት ከቀበቶ በታች ነበር) ብለው ያቁሙ። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ግን» ብለው ሲቀጥሉ ነው፤ ለምን እንዳሉት ማስረዳት ሲጀምሩ ስለ ትዳሯ ሁለተኛ ዙር ይከፍታሉ። የሪፖርቱን ጉዳይ በሌላ ቀን፣ ለብቻው ያንሱት። ነገሩ የተባለው በሰው ፊት ስለነበር፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ዝርዝር «ባለፈው የተናገርኩት ተገቢ አልነበረም» ማለት ይቻላል፤ ይህን ግን አስቀድመው እርሷን ይጠይቋት።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት እንጨምር። «ሎው ብሎው» ማለትም ያው ነው፤ እንደ ስም ያገለግላል። እንግሊዞች «ኤ ቢት ቢሎው ዘ ቤልት» ሲሉ «ትንሽ» የምትለው ቃል ለጨዋነት የገባች ናት፤ እንደ ቀላል ወቀሳ አይውሰዷት። ለስርቆት፣ ለጉቦ ወይም በፈተና ላይ ለተሰጠ የተዛባ ውጤት አባባሉ አይሆንም፤ ለእነዚህ «አንፌር» (ፍትሐዊ ያልሆነ) ወይም ትክክለኛው የወንጀሉ ስም ይሻላል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ «ቢሎው ዘ ቤልት» ችግር አለብኝ ማለት በእንግሊዝኛ የብልት አካባቢ ሕመም ነው።

ጥያቄ፦ «የአባባሉ ቀበቶ ሻምፒዮኖች የሚታጠቁት የወርቅ ቀበቶ ነው?» (ከመቐለ)

መልስ፦ አይደለም፤ የሱሪ ማሰሪያው ነው። በብሪታንያ ታዋቂው የሎንስዴል የሻምፒዮና ቀበቶ መሰጠት የጀመረው በ1909 ነው፤ ክልከላው በዚያን ጊዜ 70 ዓመት አልፎት ነበር።

ጥያቄ፦ «‹ሴቭድ ባይ ዘ ቤል› የሚባለው በሕይወታቸው የተቀበሩ ሰዎች ከመቃብር ሆነው ደወል ስለሚደውሉ ነው የሚል ቪዲዮ አየሁ። ‹አፕ ቱ ስክራች›ስ ከየት መጣ?» (ከጎንደር)

መልስ፦ ደወል የተገጠመላቸው ሬሳ ሣጥኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእርግጥ ተፈልስፈዋል፤ አባባሉ ግን ከእነርሱ አልመጣም፣ ይህም የቦክስ ነው። ሊሸነፍ የተቃረበ ቦክሰኛ የዙሩ ማብቂያ ደወል ሲያድነው ነው። «ስክራች» ደግሞ በሪንጉ መሃል የተጫረው መስመር ነው። በ1838ቱ ደንብ አንዱ ሲወድቅ ዙሩ ያበቃል፤ 30 ሰከንድ ያርፋል፤ ከዚያ በ8 ሰከንድ ውስጥ ማንም ሳይደግፈው ወደ መስመሩ ካልደረሰ ይሸነፋል። ዛሬ «አፕ ቱ ስክራች» የሚባለው የሚጠበቅበትን ደረጃ ያሟላ ሥራ ነው። ደወሉ ግን አሁን ማዳኑን ትቷል፤ በጋራው የሙያ ቦክስ ሕግ የወደቀ ቦክሰኛ በየትኛውም ዙር ደወል ቢደወልም ቆጠራው እስከ 10 ይቀጥላል።